ስልክና ተራራ፦ በእንጦጦ ማርያም አካባቢ በመኖሪያ ቤት ስላለው የኔትወርክ ኃይልና ጥራት የቀረበ ዳሰሳ

በእንጦጦ ማርያም ዙሪያ የሚኖር ሰው ሰማዩ በጠራ ቀን ከደጁ ቆሞ ወደ ደቡብ የተመለከተ እንደ ሆነ፣ አዲስ አበባ ከሽሮ ሜዳ ጀምራ እስከ አቃቂ ሜዳ ድረስ ከእግሩ በታች ተዘርግታ ያያታል፤ በየፎቁ ራስና በየመንደሩ የተተከሉትም የሞባይል ታወሮች ከዐይኑ አይሰወሩም። ይኸው ሰው ወደ ቤቱ ገብቶ ስልክ በደወለ ጊዜ ግን፣ የኔትወርኩ ምልክት ሞልቶ እየታየ ድምፁ ይቆራረጥበታል፤ ወይም የጀመረው ጭውውት በመካከሉ ይጠፋበታል፤ ወይም «አሎ፣ አሎ፣ ይሰማል?» እያለ ቢደጋግም እርሱ የወዲያኛውን ድምፅ እየሰማ የእርሱ ድምፅ ወዲያ ሳይደርስ ይቀራል። በሸለቆ ውስጥ ተከልሎ የሚኖር ሰው ኔትወርክ ቢያጣ ነገሩ ለአእምሮ ቅርብ ነው፤ ከከተማው ሁሉ በላይ ከፍ ብሎ የሚኖር ሰው በዚሁ ችግር ሲያዝ ግን ምክንያቱን መርምሮ ማወቅ ይገባል። ብዙ ሰው ጥፋቱን በአንድ ነገር ላይ ብቻ፣ ማለት ወይ በኩባንያው ወይ በስልኩ ወይ በዝናቡ ላይ ማሳበብ ይቀናዋል፤ ነገሩ በረጋ መንፈስ ሲመረመር ግን የተራራው፣ የቤቱ፣ የመብራቱና የኩባንያው ድርሻ እየራሱ ተለይቶ የሚታይ ሆኖ ይገኛል። የዚህም ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ ድርሻ በየወገኑ ለይቶ፣ ከባለቤቱ የሚጠበቀውንና ከባለቤቱ አቅም በላይ የሆነውን ማመልከት ነው።

እንጦጦ ለስልክ ታሪክ ባዕድ አይደለም። ዳግማዊ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ሥርዓተ ንግሣቸው በተፈጸመበት ዘመን ገደማ ነበር ስልክ ወደ ኢትዮጵያ መግባት የጀመረው፤ ጥቂት ዓመታትም ቆይቶ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1894፣ ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የስልክ መሥመር መዘርጋት ተጀመረ። በ1945 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቁሞ ሥራው ሥርዓትና መዋቅር ከያዘ በኋላም፣ ስልክ ማለት ከምሰሶ ወደ ምሰሶ እየተሳበ መጥቶ በግድግዳ በኩል ወደ እልፍኝ የሚገባ ሽቦ ማለት ነበር። በዚያ ዘመን የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊነት እስከ እጀታው ድረስ የደረሰ ነበርና፣ ድምፁ በጠፋ ጊዜ ጥፋቱ የሽቦው ወይም የመሣሪያው መሆኑን ሠራተኛ መጥቶ በዐይኑ አይቶ፣ በእጁ ዳስሶ ይለየው ነበር። ተንቀሳቃሹ ስልክ በ1991 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ ሲጀምር ግን ይህ ሥርዓት ተለወጠ፤ ኢትዮ ቴሌኮም በ2003 ዓ.ም. በዛሬው ስሙ ቢቋቋምም፣ 4ጂ በ2007 ዓ.ም. ወደ ከተማይቱ ቢገባም፣ 5ጂ በግንቦት 2014 ዓ.ም. በሙከራ ቢጀመርም፣ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም መስከረም 26 ቀን 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አገልግሎቱን ከፍቶ ሁለተኛ አማራጭ ቢሆንም፣ ሽቦው የሚያልቀው ታወሩ ላይ መሆኑ አልቀረም። ከታወሩ እስከ ሰውየው ጆሮ ያለው ቦታ ለአየሩ የተተወ ስለ ሆነ፣ ጭቃው፣ ቆርቆሮው፣ ብሎኬቱና ባሕር ዛፉ ሁሉ ሳይታሰብ የመሥመሩ አካል ሆኑ። የችግሩም ሥር ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ከታወሩ ወዲያ ላለው ኩባንያው መልስ ይሰጣል፤ ከታወሩ ወዲህ ላለው፣ ይልቁንም ከበሩ ወዲህ ላለው ግን፣ ማን መልስ እንደሚሰጥ ተለይቶ አልተደነገገም።

በመጀመሪያ የተራራውን ድርሻ እንመልከት። የየካና የጉለሌ ክፍላተ ከተሞች የሚካፈሉት የእንጦጦ ሸንተረር ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር ከፍ ሲል፣ ጫፉ ወደ 3200 ሜትር ይጠጋል፤ የከተማው መካከል ግን 2400 ሜትር ገደማ ነው። ሸንተረሩ ውኃ ከፋይ እንደ መሆኑ፣ በደቡብ ፊቱ የወረደው ዝናብ በቀበናና በመሰሎቹ ወንዞች አድርጎ ወደ አዋሽ ሲሄድ፣ በሰሜን ፊቱ ወደ ሱሉልታ የወረደው ወደ ዓባይ ይሄዳል። የሬዲዮ ሞገድም ከብርሃን ወገን ስለ ሆነ፣ ይልቁንም በቀጥታ መጓዝ ባሕርዩ ስለ ሆነ፣ በዚሁ ሸንተረር ላይ ይከፈላል፤ በደቡብ ፊት ያለ ቤት የአዲስ አበባን ታወሮች ሲያይ፣ ጥቂት መቶ ሜትር ወደ ሰሜን ያለፈ ቤት ግን በተራራው ጥላ ውስጥ ይወድቃል። እንዲሁም ከተራራው ግርጌ፣ ወደ ቀበና ወንዝ በሚወርዱት ሸለቆዎች ጠርዝና በፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ ባሉት ጉብታዎች ሥር የተሠሩ ቤቶች፣ ታወሩ በርቀት ቅርብ ሆኖ ሳለ አፈሩ ራሱ ይጋርድባቸዋል። ሞገዱ የተራራውን ጫፍ ታክኮ በጥቂቱ ወደ ታች ይጎብጣል፤ ነገር ግን ይህ መጉበጥ ሁሉም ዐይነት ሞገድ እኩል የሚችለው ነገር አይደለም። የ900 ሜጋኸርትዝ ሞገድ ርዝመቱ 33 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሆን ለመጉበጥም ግድግዳን ለማለፍም የተሻለ ነው፤ የ2100 ሜጋኸርትዝ ሞገድ ግን ርዝመቱ 14 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለ ሆነ፣ ብዙ መረጃ ለመሸከም ቢመረጥም በእንቅፋት ፊት ቶሎ ይደክማል። ስለዚህ በአንድ ቤት ውስጥ ተራው የድምፅ ጥሪ ደህና ሆኖ ዳታው ሲሞት ቢታይ፣ አንዱ ምክንያት ሁለቱ በተለያየ ሞገድ መጓዛቸው ነው።

ከፍታው ራሱ እንዴት ጉዳት እንደሚሆን ለመረዳት ደግሞ የአንቴናውን አቀማመጥ ማወቅ ያስፈልጋል። በታወር ላይ የሚሰቀለው አንቴና አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ወገን ተከፍሎ እያንዳንዱ 120 ዲግሪ ያህል ይሸፍናል፤ ወደ ላይና ወደ ታች የሚሰጠው ስፋት ግን ጠባብ ሆኖ ከ10 ዲግሪ የማይበልጥ ነው፤ ይህም ጠባብ ፊት፣ ደንበኛው በመንገድና በሠፈር ውስጥ ነውና፣ ሆን ተብሎ ጥቂት ዲግሪ ወደ መሬት እንዲያዘነብል ይደረጋል። ከከተማው 600 ሜትር ከፍ ብሎ፣ ከታወሩም በ5 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ የተሠራ ቤት ታወሩን የሚያየው ወደ 7 ዲግሪ በሚጠጋ ማዕዘን ከላይ ሆኖ ስለ ሆነ፣ የአንቴናው ዋና ኃይል ከእግሩ በታች ያልፋል፤ ወደ እርሱ የሚደርሰው ከአንቴናው ጎን የሚያፈተልከው ትርፍራፊ ሞገድ ብቻ ነው። ይኸው ተራራ ለሌላ ሥራ ግን እጅግ የተመቸ ነው፤ በእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ የተተከሉት መስተዋታቸው አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች ከዋክብትን ሲመረምሩ፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ወደ ጠፈር ከተላከችው ኢትአርኤስኤስ-1 ሳተላይትም የመጣውን መረጃ በዚያው ስፍራ የተሠራው ጣቢያ ተቀብሏል። ምክንያቱም ቴሌስኮፑና የሳተላይቱ ሳሕን ወደ ሰማይ የሚመለከቱ ናቸው፤ የስልክ አንቴና ግን ሰው ወዳለበት ወደ ምድር ዝቅ ብሎ የሚመለከት ነውና፣ በከፍታ ላይ ያለውን ሰው በዐቅድ ካላሰቡት በቀር በአጋጣሚ አያገኘውም።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ብዙዎችን የሚያሳስተው ነው፤ የሞገድ ኃይል ሌላ፣ የሞገድ ጥራት ሌላ ነው። በአንድ ዐውደ ምሕረት ላይ ሦስት መምህራን በሦስት ድምፅ ማጉያ በአንድ ሰዓት ቢያስተምሩ፣ ለምእመናኑ የሚደርሰው ድምፅ ከበፊቱ ይልቅ ከፍተኛ ይሆናል፤ ትምህርቱ ግን አንዱም አይሰማም። በተራራ ላይ ያለ ስልክም እንዲሁ የዐሥርና የዐሥራ አምስት ታወሮች ሞገድ በአንድነት እየደረሰው፣ ከሌሎቹ በልጦ የሚገዛው አንድም ታወር ሳይኖር ይቀራል። በስክሪኑ ላይ ያሉት ቀጥ ቀጥ ያሉ መሥመሮች ኃይሉን ብቻ ሲያመለክቱ ሙሉ መስለው ይታያሉ፤ ስልኩ ግን ከአንዱ ታወር ወደ ሌላው ያለ ዕረፍት ይዛወራል፤ የያዘው ታወር ደግሞ ከሩቅ ያለና ከቀጣዩ ጋር በጎረቤትነት ያልተመዘገበ እንደ ሆነ፣ ርክክቡ ሳይፈጸም ጥሪው ይቋረጣል። «ኔትወርኩ ሙሉ ነው፣ ግን አይሠራም» የሚለው የዘወትር አቤቱታ እንግዲህ ከእውነት የራቀ አይደለም።

የአንድ ወገን መሰማትም የራሱ ምክንያት አለው። ታወሩ በብዙ ዐሥር ዋት ኃይል ሲናገር፣ 4ጂ የሚጠቀም ስልክ ግን ከ0.2 ዋት የበለጠ አያወጣም፤ ስለዚህ በመዳረሻው ወሰን ላይ ያለ ሰው የታወሩን ድምፅ እየሰማ የእርሱ ድምፅ ወደ ታወሩ ሳይደርስ ሊቀር ይችላል። ስልኩም ይህን ጉድለት ለመሙላት ዘወትር በሙሉ ኃይሉ ስለሚጮኽ ባትሪው ቶሎ ያልቃል፤ ቤት ውስጥ ተቀምጦ የዋለ ስልክ ከተማ ውስጥ ከዋለው ይልቅ ፈጥኖ ቻርጅ የሚጠይቅ ከሆነ፣ ይህ ራሱ የደካማ ኔትወርክ ምስክር ነው።

ሁለተኛው ድርሻ የቤቱ ነው። በእንጦጦ ዳገት ላይ ሦስት ዐይነት ቤት እናገኛለን፤ አንደኛው ከእንጨትና ከጭቃ ተሠርቶ ቆርቆሮ የለበሰው፣ ሁለተኛው በብሎኬት የተሠራው፣ ሦስተኛው በፌሮና በኮንክሪት የቆመው ፎቅ ነው። የጭቃ ግድግዳ በበጋ ደርቆ ሳለ ሞገድን እምብዛም አያግድም፤ በክረምት ውኃ በጠጣ ጊዜ ግን ይበልጥ ይውጠዋል። ብሎኬትና ኮንክሪት እንደ ውፍረታቸው ከ10 እስከ 20 ዴሲቤል ሊቀንሱ ይችላሉ፤ በዴሲቤል ሥርዓት 3 ሲቀነስ ኃይሉ በግማሽ፣ 10 ሲቀነስ ወደ ዐሥር እጅ አንድ፣ 20 ሲቀነስ ወደ መቶ እጅ አንድ ይወርዳልና፣ አንድ ግድግዳ ያለፈ ሞገድ ከደጅ ካለው መቶ እጥፍ የደከመ ቢሆን የሚያስደንቅ አይደለም። ቆርቆሮ ግን ከእነዚህ ሁሉ የከፋ ነው፤ ብረት እንደ መሆኑ ሞገድን ወደ መጣበት ይመልሳል። ታወሩ ከቤቱ በታች በከተማው በኩል ከሆነ፣ ሞገዱ በዝቅተኛው ወገን በመስኮትና በበር ስለሚገባ ጣራው ብዙ አይጎዳም፤ ታወሩ ከቤቱ በላይ በዳገቱ በኩል ከሆነ ግን፣ ሞገዱ የሚመጣው በጣራው በኩል ነውና ቆርቆሮው ሙሉ በሙሉ ይጋርደዋል። በዚህ ላይ ግቢው በቆርቆሮ የታጠረ፣ የግቢው በርም የብረት የሆነ እንደ ሆነ፣ በምድር ቤት ያለው ክፍል በብረት ሳጥን ውስጥ እንዳለ ይቆጠራል። በአዲሶቹ ፎቆች ላይ የሚገጠመው ፀሐይን የሚመልስ መስታወትም ስስ የብረት ሽፋን ስላለው፣ ብርሃን እያስገባ ሞገድን ይከለክላል፤ ነዋሪው በመስኮቱ ከተማውን እያየ ስልኩ እንቢ ቢለው እንግዲህ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ባሕር ዛፍም ድርሻ አለው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን የማገዶ እጥረትን ለማስታገስ ከአውስትራልያ መጥቶ እንጦጦን የሸፈነው ይህ ዛፍ፣ ቅጠሉ ውኃ የያዘ ስለ ሆነ ሞገድን ይውጣል፤ ጫካው በጠለቀ ቁጥር፣ ሞገዱም ባጠረ ቁጥር መዋጡ ይበረታል፤ ዝናብ ባራሰው ጊዜ ደግሞ ይብሳል። ዝናቡ ራሱ ግን ብዙ ጊዜ ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል፤ ስልክ በሚጠቀምበት ሞገድ ላይ ጠብታው የሚያደርሰው ጉዳት ከቁጥር የሚገባ አይደለም። በክረምት ኔትወርክ የሚጠፋበት እውነተኛው ምክንያት ሌላ ነው፤ አንዳንዱ ታወር ከሌላው ታወር ጋር የሚገናኝበት ማይክሮዌቭ እጅግ አጭር ሞገድ ስለ ሆነ በኃይለኛ ዝናብ ይዳከማል፤ ከሁሉ በላይ ግን በማዕበልና በመብረቅ ጊዜ መብራት ይጠፋል።

ስለ መብራት ሰፋ አድርጎ መናገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ከተራራውም ከግድግዳውም ይልቅ ነዋሪውን በድንገት የሚያስጨንቀው ይህ ነው። ታወር ያለ መብራት አይናገርም፤ መብራት በጠፋ ጊዜ በመጀመሪያ ባትሪው ይረከባል፤ ባትሪው ደግሞ ለጥቂት ሰዓታት ብቻ የታሰበ ሆኖ፣ ሲያረጅና ደጋግሞ ሲራገፍ ዕድሜው እያጠረ ይሄዳል፤ ጄኔሬተር ያለው ጣቢያ ይቀጥላል፤ የሌለው ዝም ይላል። አንድ ታወር ዝም ባለ ጊዜም ደንበኞቹ ሁሉ ወደ ጎረቤቱ ታወር ስለሚሸጋገሩ፣ ያኛው ኃይሉ ሳይጎድል በሕዝብ ብዛት ይጨነቃል። ይህ መጨናነቅ ያለ መብራት መጥፋትም የሚደርስበት ቀን አለ፤ ወር በገባ በ21 ቀን ለማርያም ተሳላሚው ወደ ተራራው ሲወጣ፣ መስከረም 1 ቀን ደግሞ የእንጦጦ ራጉኤል ክብረ በዓል ከዘመን መለወጫ ጋር ገጥሞ ብዙ ሕዝብ ሲያሰባስብ፣ በጥቂት መቶ ሜትር ዙሪያ ብዙ ሺህ ስልክ በአንድ ታወር ላይ ይወድቃል። በ3ጂ ሥርዓት ላይ ደግሞ ተጠቃሚው በበዛ ቁጥር የታወሩ መዳረሻ ወደ ውስጥ ይሰበሰባልና፣ በወሰኑ ላይ ያለው ቤት ስልኩን ሳያንቀሳቅስ ከክልሉ ውጭ ሆኖ ያድራል። ቅዳሴው ተፈጽሞ ሕዝቡ ሲበተን ኔትወርኩ የሚመለሰው ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ባለቤቱ ምን ማድረግ ይችላል? ከሁሉ አስቀድሞ መሥመሮቹን ትቶ ቁጥሩን መመልከት ይገባዋል፤ ምክንያቱም አራት መሥመር ማለት ስንት እንደ ሆነ እያንዳንዱ የስልክ ፋብሪካ በራሱ ፈቃድ ይወስናል እንጂ ሁሉን የሚገዛ ሕግ የለም። በብዙዎቹ የአንድሮይድ ስልኮች፣ በቅንብሮች ውስጥ ስለ ስልኩ የሚለውን፣ ከዚያም የሲም ሁኔታ የሚለውን ሲከፍቱ፣ የሲግናሉ ኃይል በዲቢኤም ከዜሮ በታች በሆነ ቁጥር ተጽፎ ይገኛል። በ4ጂ ከሆነ ከ-80 የተሻለው እጅግ መልካም፣ ከ-80 እስከ -100 ያለው የሚበቃ፣ ከ-110 በታች የወረደው ደካማ ሲሆን፣ -120 ሲደርስ ግንኙነቱ በመጥፋት ላይ ነው። ይህን ቁጥር በግቢው መካከል፣ በየክፍሉና በየመስኮቱ አጠገብ ቆሞ፣ በቀንና በማታ፣ መብራት ሲኖርና ሲጠፋ መዝግቦ ያነጻጸረ ሰው የጥፋቱን ወገን ሊለይ ይችላል። በግቢው መልካም ሆኖ በእልፍኝ ከወደቀ ጥፋቱ የቤቱ ነው፤ በግቢውም ደካማ ከሆነ የተራራው ወይም የታወሩ ርቀት ነው፤ በሁሉ ስፍራ ቁጥሩ መልካም ሆኖ ጥሪው ከተቆራረጠ የጥራት ወይም የመጨናነቅ ነገር ነው፤ መብራት በጠፋ በጥቂት ሰዓት ውስጥ የሚጠፋ ከሆነም የታወሩ ባትሪ ነው።

ጥፋቱ የቤቱ መሆኑ ከታወቀ መድኀኒቱ ቀላል ነው። ለጥሪ በታወሩ በኩል ያለውን መስኮት መምረጥ፣ ስልኩን ከፍሪጅና ከብረት መደርደሪያ ማራቅ፣ የስልኩንም ራስጌና ግርጌ በመዳፍ አለመሸፈን፣ ወጪ የሌለባቸው ቀላል ነገሮች ናቸው። የመሥመር ኢንተርኔት የገባለት ቤት በዋይፋይ አማካይነት በቴሌግራምና በመሰሎቹ ቢነጋገር ከግድግዳው ችግር ይድናል። 4ጂው ደካማ ሆኖ ጥሪው ሲቸገር ስልኩን ለጊዜው ወደ 3ጂ ወይም ወደ 2ጂ ማውረድ ይጠቅማል። ሁለት ኩባንያ ካለ ወዲህ ደግሞ በሁለት ሲም ስልክ የሁለቱንም ሲም በአንድ ክፍል ውስጥ ፈትኖ የተሻለውን መምረጥ ይቻላል፤ በከተማው መካከል የሚበልጠው በዳገቱ ላይ ላይበልጥ ይችላልና፣ በዚህ ነገር የወሬ ምስክር አይበቃም። ከገበያ የሚገዛው የሲግናል ማጉያ መሣሪያ ግን በጥንቃቄ የሚታይ ነው፤ ያለ ፈቃድና ያለ ባለሙያ የተገጠመ ማጉያ የራሱን ቤት እያዳነ ሁከት ወደ ታወሩ ስለሚልክ የሠፈሩን ሁሉ ጥሪ ያበላሻል፤ በተራራ ላይ ሲሆን ደግሞ ብዙ ታወሮችን በአንድ ጊዜ ስለሚያይ ጉዳቱ ይሰፋል።

ከዚህ ያለፈው ግን ከባለቤቱ አቅም በላይ ነው። ወደ ዳገቱ ቀና ያለ አንቴና መስቀል፣ በሸለቆው ጥላ ውስጥ ትንንሽ ጣቢያዎችን መትከል፣ በጎረቤትነት ያልተመዘገቡትን ታወሮች መመዝገብ፣ ያረጁትን ባትሪዎች መለወጥ፣ በክብረ በዓል ቀን ተጨማሪ ጣቢያ ማምጣት የኩባንያዎቹ ሥራ ነው። በኢትዮ ቴሌኮም የደንበኞች ስልክ በ994 የሚቀርብ አቤቱታም «ኔትወርክ የለም» ከሚለው ቃል ይልቅ ቦታውን፣ ሰዓቱንና ከስልኩ የተነበበውን ቁጥር የያዘ ቢሆን፣ ባለሙያው ጥፋቱን ለመለየት መንገድ ያገኛል። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ደግሞ የአገልግሎትን ጥራት የመቆጣጠር ኃላፊነት አለበት፤ ነገር ግን በብዙ አገር እንደ ተለመደው የኔትወርክ ጥራት በአብዛኛው የሚለካው መሣሪያ በተጫነ መኪና በአውራ መንገድ ላይ እየተዘዋወሩ ነው፤ የሽፋን ካርታም የሚሠራው በደጅ ላለው ሞገድ ተሰልቶ ነው። በእንጦጦ ዳገት ላይ መኪና የማይገባበት ብዙ ሠፈር ስላለ፣ ከመንገዱ ወደ ውስጥ የሚገባው ሰው በካርታው ላይ ተሸፍኖ፣ በእልፍኙ ግን ተረስቶ ይቀራል።

በሽቦው ዘመን የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊነት እስከ እጀታው ይደርስ እንደ ነበረ ከላይ ተነግሯል። ዛሬ የግድግዳውንና የቆርቆሮውን ዕዳ ኩባንያው ይሸከም ማለት ፍርድ አይሆንም፤ ነገር ግን ሰው የስልክ ሒሳብ የሚከፍለው በአብዛኛው በቤቱ ሆኖ ለሚያደርገው ጥሪ ስለ ሆነ፣ «ሸፍነናል» የሚለው ቃል በመንገድ ላይ በተለካው ብቻ መጽናት አይገባውም። በባለሥልጣኑ የጥራት መለኪያ ውስጥ የቤት ውስጥ ልኬት እንዲገባ፣ የተራራና የሸለቆ ሠፈሮችም ከሜዳው ተለይተው እንዲመረመሩ፣ መብራት ከጠፋ በኋላ አንድ ታወር ስንት ሰዓት መቆየት እንዳለበትም ተወስኖ ለሕዝብ እንዲገለጥ ማድረግ ያስፈልጋል። ነዋሪው የቤቱን ድርሻ ለይቶ ካወቀ፣ ኩባንያውም የራሱን ካልሸሸገ፣ በመካከል የቀረው ክርክር በቁጥር የሚፈታ ይሆናል።